ከሰማያዊውና ከቀዩ ሶፍትዌር አንዱን ስለመምረጥ፦ ለአስታራቂያችን ለአቶ ጻድቃን

ለተከበሩ አቶ ጻድቃን ህሩይ
የመሣሪያ መረጣ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጠገግ የሶፍትዌር ሥራዎች ድርጅት
ልደታ፣ አምስተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ናዝሬት ዓርብ ከመሄዷ በፊት አንድ፣ አንድ ብቻ ሶፍትዌር እንዲመርጡልን ስለመለመን

የተከበሩ አቶ ጻድቃን፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በስብሰባ ብዛት ይደነዝዛል የሚሉት ግራ ጉልበትዎ፣ እንዲሁም መላው ኮሚቴዎ እንዴት ነው? በዚህ በኩል እኔ ሠርካዲስ ወልደአማኑኤል፣ የዚሁ ድርጅት የኦፕሬሽን ክፍል ኃላፊ፣ በልደታ ማርያም አማላጅነት፣ በደም ግፊት ኪኒንና በባልደረቦቼ ቀልድ ታግዤ በሕይወት አለሁ። ዕድሜ ከጤና ጋር ያድልዎት። ዕድሜው በተለይ ያስፈልግዎታል፤ ኮሚቴዎ በያዘው አካሄድ አንድ ነገር ለመወሰን የአንድ ሰው ዕድሜ እንደማይበቃ በዓይናችን አይተናልና።

ይህን ደብዳቤ ሊፍቱ በር ላይ ለጥፌ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ማስነበቤ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ በክፍሌ ሶፍትዌር ጽፌ ልኬልዎት ነበር፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ ማዕዛ ግን ለአንድ ወገን ያደላሁ እንዳይመስል በሌላውም እንድጽፈው በትህትና መከሩኝ። በሌላው ልጽፈው ስል ፓስወርድ የለኝም፤ ፓስወርድ ለማግኘት ደግሞ በዚያው በሌላው ሶፍትዌር ገብቶ ማመልከት ያስፈልጋል። የሊፍቱ በር እግዜር ይስጠው ፓስወርድ አይጠይቅም፤ ሊፍቱም ስለማይሠራ ሰው ደረጃውን ከመጀመሩ በፊት እፎይ ብሎ ቆሞ የማንበብ ልማድ አለው።

ነገሩን ለማያውቁት የታችኛው ፎቅ ጎረቤቶቻችን፣ ለጠበቆቹና ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ደንበኞች ስል በአጭሩ ላስረዳ። እኛ ለክሊኒኮች የቀጠሮ ሥርዓት እንሠራለን፤ ሕመምተኛ ስልኩ ላይ «ቀጠሮዎ ነገ ጠዋት ነው» የሚል መልእክት ሲደርሰው የላክንለት እኛ ነን። ሥርዓቱን የሚጽፉት ዲቨሎፐሮች ናቸው፣ አለቃቸው አቶ ሓዱሽ ነው። የተጻፈውን ሰርቨር ላይ ጭነን እንዳይወድቅ የምንጠብቀው እኛ ኦፕሬሽኖች ነን፣ የክፍሉ አለቃ እኔ ነኝ። ምን እንደተበላሸ፣ ማን እየጠገነው እንደሆነ፣ አዲሱ እትም መቼ እንደሚለቀቅ ሁለታችንም የምንጽፍበት የጋራ ሶፍትዌር ያስፈልገን ነበር። ሓዱሽ አንዱን ወደደ፤ መልኩ ሰማያዊ ስለሆነ ሰማያዊው እንለዋለን። እኔ ሌላውን ወደድኩ፤ እሱ ቀዩ ይባላል። ሁለቱም ደህና ሶፍትዌሮች ናቸው፣ በዓለም ላይ ስንቱ ይሠራባቸዋል። ችግሩ የጀመረው ኮሚቴ ይምረጥልን ያልን ዕለት ነው።

እንግዲህ በቅሬታ መልክ የማቀርባቸው ምስጋናዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ፕሮፎርማው። ማንኛውም ዕቃ ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ ሳይሰበሰብ እንደማይገዛ አውቃለሁ፣ መመሪያውንም አከብራለሁ። ነገር ግን ሰማያዊውን በዓለም ላይ የሚሸጠው ሠሪው ብቻ ነው፤ ቀዩ ደግሞ ጭራሽ በነፃ የሚሰጥ ነው። ይህ ለሌላ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር ነበር። የእርስዎ ኮሚቴ ግን ግዥ ክፍሉን አሰማርቶ በአንድ ከሰዓት ሦስት ባለ ማህተም ፕሮፎርማ አሰባስቦ አረፈው። ከሦስቱ አንዱ ቶነርና ወረቀት ከሚሸጥ ሱቅ የመጣ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩን በካርቶን እንደሚያቀርብና እስከ በራችን ድረስ በራሱ ወጪ እንደሚያደርስ አረጋግጦልን ነበር። ምስኪኑ ቀዩ በነፃ በመሆኑ ዋጋ የሚሰጥለት ሰው ጠፋ። «ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ» ተብሎ ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ሲታይ ከረመ፤ አንድ የኮሚቴ አባልማ «ነፃ ከሆነ ለምን ነፃ ሆነ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ማብራሪያ ፕሮግራሙ። የሰማያዊው ሰዎች በቪዲዮ ቀርበው ማስረዳት እንደጀመሩ ኔትወርኩ ተቋረጠና የአስረጂው ሰውዬ ፊት፣ አፉን እንደከፈተ፣ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ኮሚቴው ግን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አቀረበለት። በቃለ ጉባኤውም ላይ «አቅራቢው የኮሚቴውን ሐሳብ በከፍተኛ ትዕግሥት ያዳመጡ ሲሆን የተቃወሙት ነጥብ የለም» ተብሎ ሰፈረ። ይህን ሳነብ ስቄ ስቄ ሆዴን አመመኝ። እንዲያው ለሰጣችሁኝ ሳቅ ብቻ ምስጋና ይገባችኋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ነጥብ አሰጣጡ። አባላቱ ለሁለቱ ሶፍትዌሮች ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠየቁ፣ ሓዱሽን እንዳያስከፉ ለሰማያዊው፣ እኔን እንዳያስከፉ ለቀዩ እኩል እኩል ሰጡ። አንድ አባል ተሳስተው ለሰማያዊው ግማሽ ነጥብ አስበልጠው ስለነበር ምሳ ሳይደርስ ተመልሰው መጥተው ለቀዩም ግማሽ ጨመሩለት። ውጤቱ እኩል ሆኖ ሲገኝ «ምርጫው ከባድ እንደሆነ በጥናት ተረጋገጠ» ተባለ። የተረጋገጠው ጥናት ይበልጥ እንዲጠናከር ኮሚቴው ለልምድ ልውውጥ ቢሾፍቱ ወረደ፤ ከሐይቁ ዳር ካለው ሆቴልም የቀሰመው ልምድ ሆቴሉ እንግዶቹን የሚመዘግበው በደብተር እንደሆነ ነው። ዓሣው ግን ጥሩ ነበር አሉ።

አራተኛው ቅሬታዬ ከሁሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ተንፍሼ ልጀምር። አቶ ጻድቃን፣ እርስዎ በሰፈርዎ የተከበሩ ሽማግሌ እንደሆኑ የማያውቅ የለም። በአጥር የተጋጨ፣ በእድር የተኳረፈ፣ በውርስ የተቀያየመ ሁሉ ደጅዎን ረግጦ ታርቆ ይመለሳል። ይህ ጸጋ ነው፣ እዚህ ላይ አላሾፍኩም። ነገር ግን እኔና ሓዱሽ መቼ ተጣላን? ሁለት ሶፍትዌር አቅርበን የሚሻለውን ምረጡልን አልን እንጂ አስታርቁን አላልን። እርስዎ ግን ጥያቄያችንን ገና እንዳዩት ጠብ ሸተተዎት። ስብሰባ አዳራሽ ጠርተው እኔን በግራ፣ እሱን በቀኝ አስቀመጡን፤ መሀል ላይ ኮሚቴው ተሰየመና በሉ የየሆዳችሁን አውጡ ተባልን። ሓዱሽ ሰማያዊው የኮድ ለውጡን ከብልሽቱ ጋር አያይዞ እንደሚያሳይ ሲያስረዳ «ልጄ፣ ነገሩ ምን ያህል ውስጥህ እንደቆየ ገባኝ» አሉት። እኔ ቀዩ ሰርቨር ሳይወድቅ ቀድሞ እንደሚያስጠነቅቅ ሳስረዳ «አይዞሽ» አሉኝ። ምን ሆንኩና ነው አይዞሽ የምባለው!

በመጨረሻም ከመቀመጫዎ ተነሥተው «ለእኔ ስትሉ» አሉ። ሽማግሌ ቆሞ ለእኔ ስትሉ ካለ በኋላ የሚከራከር ሰው ከየት ይመጣል? ተነሥተን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ሓዱሽ ጆሮዬ ሥር «ሠርኬ፣ ምን አድርጌሽ ነበር?» ሲለኝ «እኔንጃ፣ ብቻ ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ፍርዱ ተነበበ። ማንም እንዳይከፋ ዲቨሎፐሮች በሰማያዊው፣ ኦፕሬሽኖች በቀዩ እንዲሠሩ፣ ሁለቱም ወገን ማሸነፉም እንዲታወቅ። ተጨበጨበ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። የማያዛልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል ይላሉ፤ የእኛን በሚሪንዳ መጀመር የቻለው የእርስዎ ኮሚቴ ብቻ ነው።

እስቲ ልጠይቅዎት። ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ወደ አንድ ቤት ይመልሷቸዋል አይደል? ታዲያ እኛን በምን በደላችን ነው አስታርቀው ለየብቻ ቤት የሰጡን? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለው ተረት እርስዎ ራስዎ በየሠርጉ የሚተርቱት ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ምን አስረሳዎት?

አምስተኛ፣ ስለ ናዝሬት። አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዴት ያውቀዋል የሚለው ጥያቄ የተነሣው ለስላሳው ካለቀ በኋላ ነበር። ኮሚቴው ለዚህም መላ አላጣም፤ ናዝሬትን «የሥርዓቶች አገናኝ ባለሙያ» ብሎ ባለ ማህተም ደብዳቤ ጽፎ ሾማት። ናዝሬት የክፍሌ ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት መብራት በመጣና በሄደ ቁጥር ሰርቨራችን እየወደቀ ሲያስለቅሰን፣ ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ እንዲያስነሣ ያደረገችው እሷ ናት፤ ዛሬም ክሊኒኮቹ ያለ ችግር የሚሠሩት በዚያ ሥራዋ ነው። ይህችን ልጅ ነው እንግዲህ ጠዋት ሰማያዊው ላይ የተጻፈውን እያነበበች ቀዩ ላይ፣ ከሰዓት ደግሞ ቀዩ ላይ የተጻፈውን እያነበበች ሰማያዊው ላይ በእጇ እንድትገለብጥ ያደረጋችኋት።

ግልበጣው ራሱ ቀላል እንዳይመስልዎት። ሰማያዊው ላይ አንድ ቁጥር የተሰጠው ብልሽት ከሁሉ የሚያስቸኩል ነው፤ ቀዩ ላይ ግን ከሁሉ የሚያስቸኩለው አምስት ቁጥር ነው። ናዝሬት ይህን በልቧ እያገላበጠች ካልጻፈችው የሦስተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት አምፖል መቃጠል የአገር አደጋ ሆኖ ይመጣል፤ ክሊኒክ ሥራ ማቆሙ ደግሞ ሲመቻችሁ ተመልከቱት ተብሎ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት ተሳስታ፣ ዲቨሎፐሮቹ በሙሉ ሥራቸውን ጥለው አምፖል ሊቀይሩ ወርደው ነበር። አምፖሉን በመቀየራቸው ሓዱሽን አመሰግናለሁ።

ይህን በፕሮግራም ማሠራት አይቻልም ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይቻላል፣ ናዝሬትም በተሾመች በሳምንቷ ሠርታው ነበር። ከአንዱ የተጻፈውን ወደ ሌላው፣ ቁጥሩንም ገልብጦ፣ ሰው ሳይነካው የሚያደርስ ፕሮግራም ጽፋ ለኮሚቴው አቀረበች። ኮሚቴው አድንቆ ሁለት ጥያቄ ጠየቃት። ፕሮግራሙ ቢሳሳት ፊርማውን አስቀምጦ የሚጠየቀው ማን ነው? ሲገለብጥስ መጀመሪያ ከየትኛው ወደ የትኛው ነው የሚነሣው? ከሰማያዊው ቢነሣ ኦፕሬሽን ይከፋል፣ ከቀዩ ቢነሣ ዲቨሎፐር ይከፋል። ጉዳዩ ለተጨማሪ ጥናት ተያዘ፤ እሷም በእጇ መገልበጧን ቀጠለች።

አሁን በዚህ ሕንፃ ውስጥ ስሟ ግልባጭ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጆች ሳይቀሩ በደረጃው ስታልፍ «ገበያችንን ወሰድሽብን» ይሏታል። እሷም ትስቃለች። በቀደም ከሰዓት ግን መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ እንዲህ አለችኝ፤ «እትዬ ሠርኬ፣ ድሮ እናቴ ሥራሽ ምንድነው ስትለኝ ኮምፒውተር ሲታመም አክማለሁ እላት ነበር። ልጄ ሐኪም ናት እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር። አሁን እገለብጣለሁ ብላት፣ እኔም ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ፊደል ገልብጬ ነበር፣ ማንም ደሞዝ አልከፈለኝም አለችኝ።» ተሳሳቅን፤ ሳቋ ግን ደስ አላለኝም። በማግሥቱ መልቀቂያዋን አስገባች። የፊታችን ዓርብ የመጨረሻ ቀኗ ነው።

ስድስተኛ፣ ስለ ግንቦት ልደታ። ናዝሬት ብትሄድ ምን ይጎድላል የሚል ካለ አንድ ቀን ብቻ ስትጎድል የሆነውን ላስታውሰው። በግንቦት ልደታ ዕለት ናዝሬት ፈቃድ ወስዳ ከጎረቤቶቿ ጋር ንፍሮዋን ልትቀምስ ሰፈሯ ዋለች። በዚያ ጠዋት እኛ ዳታውን ወደ አዲስ ሰርቨር እያዛወርን ስለነበር «ዛሬ ማንም ሰው አዲስ እትም እንዳይለቅ» ብለን ቀዩ ላይ በትልልቁ ጻፍን። በዚያው ጠዋት ዲቨሎፐሮች «አዲሱ እትም ተለቋል፣ መልካም በዓል» ብለው ሰማያዊው ላይ ጻፉ። ሁለታችንም ግዴታችንን ተወጥተናል፣ ሁለታችንም የየራሳችንን አንብበናል። የሳምንቱ ቀጠሮ ግን በሙሉ ተደበላለቀና ለደንበኞቻችን ሕመምተኞች ሁሉ «ቀጠሮዎ አሁን ነው» የሚል መልእክት ደረሳቸው።

አቤት የዚያን ቀን ጉድ! ጌጃ ሰፈር ባለው ደንበኛችን ክሊኒክ በር ላይ አራሷ ከነልጇ፣ ጥርሱን ያመመው ጉንጩን ይዞ፣ ስኳር የሚለካው ቁርሱን ሳይበላ ተሰለፈ። «ለበዓሉ በነፃ ያክማሉ» የሚል ወሬ የሰማ ጤነኛም ከኋላ ቆመ። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ስህን ደውላ «ሠርካዲስ፣ ንግሥ ነው ወይስ ወረፋ ያመጣሽብኝ?» ስትለኝ እንኳን አደረሰሽ አልኳት። አንዲት እናት ግን የልጇ የልብ ምርመራ ቀጠሮ ነገ ነው ብላ ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት አድራ ሳለ መልእክቱ ደርሷት በጠዋት ስትበር መጣች፤ ከወረፋው ብዛት ማንም ሐኪም ልጇን ሊያይላት አልቻለም። እሷን ሳስብ መሳቅ ያቅተኛል።

በዚህ ጉዳይ ኮሚቴዎ ያሳየውን ፍጥነት ሳላመሰግን አላልፍም። በማግሥቱ ተሰብስቦ ያነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ብልሽቱ በሰማያዊው ይመዝገብ ወይስ በቀዩ የሚል ነበር። በሰፊው ተወያይቶ፣ ጥፋቱ በሰማያዊው፣ ጉዳቱ በቀዩ እንዲመዘገብ ወሰነ። ናዝሬትም ከንፍሮዋ ስትመለስ ጥፋቱን ወደ ቀዩ፣ ጉዳቱን ወደ ሰማያዊው ገለበጠች።

የተከበሩ አቶ ጻድቃን፣

ቅሬታዬ በዚህ አያልቅም፣ የሊፍቱ በር ግን አለቀብኝ። ስለዚህ ወደ ልመናዬ ልግባ። ናዝሬትን ምን ቢደረግልሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ጠየቅኳት። ደሞዝ ይጨመርልኝ አላለችም፣ ሹመትም አልጠየቀችም። «አንድ ይሁን፣ የትኛውም ይሁን፣ እኔም ወደ ሥራዬ ልመለስ» ነው ያለችኝ። በዚህ ድርጅት ውስጥ ከሁለቱ ለአንዱ ያላደላ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት፤ ሁለቱንም እኩል ጠልታቸዋለች።

ስለዚህ ይህን በሕዝብ ፊት እናገራለሁ። ሰማያዊውን ምረጡ። አዎን፣ የሓዱሽን ሰማያዊ! እኔ አልወደውም፤ ለምርጫው ስሞክረው የአዝራሩ ብዛት አዞረኝ፣ አንድ ነገር ለመዝጋት ሦስት ጊዜ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ፣ እኔ ደግሞ እርግጠኛነቴን ሲጠራጠሩኝ አልወድም። ቀዩን ለምጄዋለሁ፣ ክፍሌም ለምዶታል። ነገር ግን ልጅቷን ከማጣ ቀዩን ልጣ። የክፍሌ ልጆች ሲያጉረመርሙብኝ ብድግ ብዬ «ለእኔ ስትሉ» አልኳቸውና እሺ አሉ፤ ይህን የተማርኩት ከእርስዎ ነው፣ ምስጋናዬ ይድረስዎት። እንግዲህ ለኮሚቴው የቀረው ሥራ «ሰማያዊው ተመርጧል» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ነው። የሚከፋው ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ላለመከፋት በዚህ ደብዳቤ ቃል ገብቻለሁ።

አንድ ጊዜ ያለ ሽሙጥ ልናገር። ናዝሬት ብትሄድብኝ ሆዴ ይባባል። ሥራውን ሌላ ሰው ቀጥረን እናሠራዋለን፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ልጅ፣ የተበላሸ ነገር ስታይ እንቅልፍ የማይወስዳት፣ በየቀኑ አይገኝም። እባክዎ አቶ ጻድቃን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ያስከፉ። እግዜርም ይቅር ይልዎታል፣ እኔም ይቅር እልዎታለሁ።

በተረፈ የኮሚቴው ስብሰባ ይብዛ፣ ዳቦው አይጉደል፣ ምርቃትዎ አይለየን።

ሳትጣላ የታረቀች፣ ሳታሸንፍ የተጨበጨበላት፣ ከሰላምታ ሁሉ የላቀ ሰላምታ የምታቀርብልዎ፣ ምንጊዜም ታዛዥዎ፣
ሠርካዲስ ወልደአማኑኤል
የኦፕሬሽን ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለአቶ ሓዱሽ፣ ዲቨሎፕመንት ክፍል፤ በሰማያዊው መግቢያ ስለሌለኝ በእጁ።
ለዶክተር ስህን፣ ከታላቅ ይቅርታ ጋር።
ለታችኛው ፎቅ ጠበቆች፤ ምናልባት ከሳሽ ቢመጣ እንዲዘጋጁ።
ለናዝሬት ግልባጭ አልሰጠሁም። ብሰጣት ከልማድ የተነሣ ሌላ ቦታ ትገለብጠዋለች።

ከፊርማ በኋላ፣ ዓርብ ከሰዓት የተጨመረ፦

ይህን ደብዳቤ በለጠፍኩበት ዕለት ሓዱሽም፣ እኔ የጻፍኩትን ሳያይ፣ ለናዝሬት ሲል ሰማያዊውን ትቶ ቀዩን እንደሚቀበል ለኮሚቴው ጽፎ ኖሯል። በር ላይ ቆመው «ይግቡ» «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ሁለቱም ደጅ እንደሚያመሹ ሰዎች ሆንን ማለት ነው። ኮሚቴው በመተሳሰባችን እጅግ ተነካ፣ እርስዎም እንባዎን ጠረጉ አሉ። ከዚያም ዛሬ ጠዋት ተሰብስቦ፣ ማንም እንዳይከፋ፣ ለሁለታችንም የለመንነውን ሰጠን። ከሰኞ ጀምሮ ኦፕሬሽኖች በሰማያዊው፣ ዲቨሎፐሮች በቀዩ ይሠራሉ፤ ናዝሬትም በአገናኝነቷ ብትቀጥል ኮሚቴው ደስ ይለዋል።

ናዝሬት ውሳኔውን ሰማች። ቻርጀሯን ነቀለች፣ ሁላችንንም ሳመችን፣ በደረጃው ወረደች።

ኮሚቴው እኔንና ሓዱሽን ለማስማማት የደከመው ድካም ግን ከንቱ እንዳልቀረ ባበሥርዎ ደስ ይለኛል። በአንድ ወረቀት ላይ አንድ መልቀቂያ ጽፈን ሁለታችንም ፈርመንበታል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ተለጥፎ ያገኙታል። ናዝሬትን ተከትለን ወርደን፣ ጌጃ ሰፈር፣ ከአንድ ብረታ ብረት ቤት በላይ፣ የራሳችንን ሥራ የምንጀምርባት ለሦስታችን የምትበቃ ክፍል ተከራይተናል። የምንሠራበትን ሶፍትዌር ናዝሬት መርጣለች። የትኛውን እንደመረጠች እኔም ሓዱሽም አልጠየቅናትም።